ከወንጌሉ ፊት የነበሩት አምስት ቅጠሎች

ከሥራ ስሸኝ የተሰጠኝ ስጦታ ግንብ ነው። የጎንደር ግንብ ሥዕል በመስታወት ክፈፍ ውስጥ፣ ከሥሩ በወርቃማ ፊደል «ለቅርስ ጥበቃ ላበረከቱት የላቀ አስተዋጽኦ» የሚል ተጽፎበታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ደባርቅና ዳባት ላይ ሠርቼ አንድ ቀን እንኳ ግንብ ጠብቄ አላውቅም። ግንቡ የራሱ ዘበኛ አለው። ኃላፊያችን፣ የመጀመሪያ ልጄ እኩያ የሆነ ጎልማሳ፣ ተነሥቶ «ጋሽ ሞላ የአካባቢያችን የታሪክ ማኅደር ናቸው» አለና አስጨበጨበ። አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መሰላቸውና ይበልጥ አጨበጨቡ።

ትሕትና አልነበረም፤ እፍረት ነበር። ይህንንም የምጽፈው በዚያ እፍረት ምክንያት ነው እንጂ የሥራ ዘመኔ የሚያስቀና ሆኖ አይደለም።

ሥራዬ የቅርስ መዝገብ ነበር። ከወረዳ ወደ ወረዳ፣ ከአጥቢያ ወደ አጥቢያ እየዞርኩ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ማስከፈት፣ መጽሐፉን፣ መስቀሉን፣ ከበሮውን መቁጠርና ቅጹን መሙላት። ቅጹ ላይ የመጽሐፉ ስም፣ የቅጠሉ ብዛት፣ የገበታው፣ ማለት የእንጨት ሽፋኑ፣ ሁኔታ አለ። በመጨረሻ «ሌላ» የምትል ጠባብ ሣጥን አለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሰው እኮ በዚያች «ሌላ» ውስጥ ነው የሚኖረው ብዬ ልናገር እፈልግ ነበር፤ የሚሰማ ቢሮ ግን አልገጠመኝም።

አለቆቼ ብዙ ናቸው። አንዱ ቁጥር ይወድ ነበር። ከመስክ ስመለስ ገና ጫማዬን ሳልጠርግ «ስንት?» ይለኛል። ምን እንዳየሁ ጠይቆኝ አያውቅም። ሌላው ደግሞ ቅርስ ማለት ቱሪስት ፎቶ የሚያነሳው ነው ብሎ ያምን ነበር። ፈረንጆቹ በጎንደር ግንቡን አይተው በደባርቅ በኩል ወደ ጨነቅ ሲወጡ፣ ዋልያውን አይተው ሲመለሱ፣ እሱ በመካከል ያለነውን ሰዎች እንደ መንገድ ይቆጥረን ነበር። ደመወዝ ሲዘገይ ዘገየ፣ ዕድገት ሲቀር ቀረ፤ ስለሱ ብዙ አላወራም። የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የሚያወራው እሱን ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ቅጹ ሳይሆን መሪጌታ ይሁኔ ናቸው። ቢሮው ግእዝ የሚያነብለት ሰው ሲያጣ በኮንትራት የቀጠራቸው፣ አጭር፣ ቀጭን፣ ነገር የሚቆርጡ ሰው ነበሩ። ዕቃ ቤት ሲገቡ መጽሐፍ አይነኩም። መጀመሪያ ቁጭ ብለው ከጠባቂዎቹ ጋር የትውልድ ሐረግ ይጨዋወታሉ፦ አባትህ ማን፣ አያትህ ማን፣ ከየት መጡ። ይህ ጨዋታ አንዳንዴ እስከ ምሳ ይዘልቃል፤ እኔ እቁነጠነጣለሁ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው፣ በነጠላቸው ሳይሆን በነፋስ አድርቀው፣ የዶሮ ላባ ከኪሳቸው አውጥተው አቧራውን ከገበታው ላይ ይጠርጋሉ። ጓንት አድርጉ ብሎ የላካቸውን ሰው «ጣቴ ካልዳሰሰው ብራናው ፍየል ይሁን በግ በምን ልወቀው?» ብለው መልሰውታል።

መጽሐፉንም እንደ ሰው ከመጀመሪያው አያነቡም። ወንጌሉን ይዘሉና ባዶ የነበሩትን ቅጠሎችና ጠርዞቹን ያገላብጣሉ። ድሮ የመሬት ሽያጭ፣ የቤት ሽያጭ፣ ስጦታ፣ ዋስትና፣ እርቅ፣ ሁሉ የሚጻፈው ማንም እንዳይፍቀው በወንጌል ባዶ ቅጠል ላይ ነበር። እኔ ጀማሪው «የንጉሡ ስም የት አለ?» ስላቸው ሳቁብኝ።

«ንጉሡን ዝለለው» አሉኝ። «ለንጉሡ ግንብ አለው። አንተ ከታች እማኞቹን አንብብ። ለነሱ ከዚህች ጠርዝ በቀር ማንም የላቸው።»

እንዲህ እያደረጉ የጎንደርን ከተማ አሳዩኝ። ትምህርት ቤት የተማርኳት ጎንደር የነገሥታት ዝርዝር ነበረች፤ እገሌ ነገሠ፣ ይህን ሠራ፣ ሞተ፣ ልጁ ተካ። መሪጌታ ያሳዩኝ ጎንደር ግን አጥር ለአጥር የምትነካካ ከተማ ናት። አንዲት ወይዘሮ ቤቷን ስትሸጥ ወሰኑ ይጻፋል፦ በምሥራቅ ልጓም ሠሪው፣ በምዕራብ ቀሚስ ሰፊው፣ በላይ የቄሱ መበለት፣ በታች መንገድ። ይህን ወሰን ከሌላ አጥቢያ ወንጌል ካገኙት ወሰን ጋር ሲያጋጥሙት ሰፈሩ ዓይኔ ፊት ይቆማል። ልጓም ሠሪው በሌላው ሽያጭ እማኝ ሆኖ ይመጣል። ከሁለት ትውልድ በኋላ ደግሞ ልጁ ቤቱን ሲሸጥ ታየዋለህ። ከወገራ ገብስና በግ ጭኖ የሚወርደው፣ ከቆላው በዛሪማ በኩል ሊማሊሞን ወጥቶ ጨርቅና ጨው ይዞ የሚመጣው ነጋዴ፣ የሚገነባው፣ የሚሸምነው፣ የሚቀጠቅጠው፣ ሁሉም እዚያ ጠርዝ ላይ አለ። ከተማ ስትነግሥም ስትወድቅም ያዩት እነዚህ ናቸው።

አንድ ጊዜ፣ ዳባት አጠገብ፣ የአንድ ቄስ ቤት ሲሸጥ ዋስ የሆነው በጎንደር የአዲስ ዓለም ሰፈር እስላም ነጋዴ መሆኑን ጮክ ብለው አነበቡ። ካህናቱ ተቆጡ። «እስላም በወንጌላችን ላይ? ይፋቅ!» አለ አንዱ። መሪጌታ ላባቸውን ወደ ኪሳቸው እየከተቱ «ይፋቅ፤ ግን ቄሱን የሚያምነው ሰው ጠፍቶ እሱ ነው ዋስ የሆነለት። እሱን ስትፍቀው ቄሱ ያለ ዋስ ይቀራል» አሉት። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ነገሩም በዚያው አለፈ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

ከዳባት ወረድ ብላ ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን አለች። ሰዎቹ ዛሬም በሕይወት ስላሉ የአጥቢያዋን ስም አልጠራም። እዚያ አንድ ትልቅ ወንጌል ነበረ። መሪጌታ ይዘውኝ የሄዱት ሥራ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በክረምት ነው። ከወንጌሉ ፊት ጽሑፍ የሞላባቸው አምስት ቅጠሎች ነበሩ። መሪጌታ አራተኛውን ቅጠል ሲያነቡ ድምፃቸው ቀነሰ፤ ከዚያ አቆሙና እንደገና ከላይ ጀመሩት።

ነገሩ ይህ ነው። መጽሐፉ የዚያች አጥቢያ አልነበረም፤ የጎንደር ነበር። ከተማዪቱ በተቃጠለች ጊዜ ካህናቱ ሲበተኑ አንድ ቀጥቃጭ፣ የወገራ ተወላጅ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ በር ማጠፊያና ቁልፍ የሚሠራ ሰው፣ ወንጌሉን ከእሳት አውጥቶ በጀርባው አዝሎ ወደዚህ መጣ። ስለዚህ የዚህች አጥቢያ ካህናት ተሰብስበው እሱና ልጆቹ፣ የልጆቹም ልጆች፣ በቅጥሩ ውስጥ በምሥራቁ በር በኩል እንዲቀበሩ ፈቀዱለት። ከታች የእማኞች ስም ነበረ። ከእማኞቹ በታች ግዝት ነበረ፦ ይህን ያፈረሰ፣ ይህን የደበቀ የተወገዘ ይሁን።

ላልሰማ አንባቢ ልንገር። በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ ሰው «ጠይብ» ይባላል፤ ከኋላውም «ቡዳ» ይሉታል፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ብለው። ማረሻው ካልተሳለ የሚያርስ የለም፤ ግን የሚስለው ሰው ራቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ልጁን የሚያገባ የለም። በዚያች አጥቢያ ያሉት ቀጥቃጮች ክርስቲያን ናቸው፤ ይጾማሉ፣ ይቆርባሉ። ሲሞቱ ግን የሚቀበሩት ከቅጥሩ ውጭ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነው። «መጤ ናቸው፤ በዚህ ቅጥር ድርሻ የላቸውም» ይባላል።

መሪጌታ ሲያነቡ እኔ መጻፍ ነበረብኝ። ሥራችን እንዲያ ነበር፤ እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እገለብጣለሁ። ያን ቀን ዝናቡ መጣ፤ ከታች መንገዱ ላይ የቢሮው መኪና ሹፌር ወንዙ ሳይሞላ እንሂድ ብሎ ጡሩንባውን ይነፋል። «ነገ እንመለሳለን» አልኳቸው። በደብተሬ ላይ «ከፊት አምስት ቅጠል፣ ልዩ ልዩ ጽሑፍ» ብዬ ዘጋሁት። ቅጹ ላይም ያችን «ልዩ ልዩ» አልጻፍኳትም፤ የወንጌሉን ቅጠል ብቻ ቆጥሬ «ሙሉ» አልኩ። መሪጌታ መኪናው ውስጥ አልገቡም። በዝናብ ወርደው የዚያ ሰው ዘር ወደሆነው የአጥቢያዋ ቀጥቃጭ ቤት ሄደው «የአባቶችህ መቃብር በወንጌል ተጽፏል» ብለው ነግረውት በማግሥቱ በእግራቸው መጡ። ሰውየው ብዙም ሳይቆይ ሥራ ፍለጋ ዛሪማ ወርዶ በወባ ሞተና እዚያው ተቀበረ። እኛም «ነገ» ብለን አልተመለስንም። ከዓመታት በኋላ መሪጌታም ዐረፉ።

እዚህ ላይ ሰበብ ባበዛ ደስ ይለኝ ነበር። በመቶ የሚቆጠር መጽሐፍ መዝግቤአለሁ፤ የትኛው ቅጠል የት እንዳለ የሚያስታውስ ሰው የለም። እውነት ነው። ግን መሪጌታ ያስታውሱ ነበር።

ኋላ የዚያ ወንጌል ገበታ ተሰበረ፤ የስፌቱ ጅማት ተበጠሰ። ቢሮአችን በዚያ ዓመት «የተጠገኑ ቅርሶች» የሚል ዕቅድ ነበረውና ደጓሽ፣ መጽሐፍ በቆዳ የሚለብጥ ሰው፣ ፈለግን። የተገኘው ደጓሽ በእጁ ሥራ የተመሰገነ ደብተራ ነው። ቆዳ ሲደጉስ ብታዩት የጋለው ብረት እጁ ላይ የቀለለ ይመስላል፤ መስመሩ አይዛነፍም። ዕለቱን የሄድኩት ፈቃዱን ለመፈረም ብቻ ነው። በዕቃ ቤቱ ደጃፍ ቆሜ ሳለሁ ከውስጥ አምስቱን ቅጠሎች በእጁ ይዞ አሳየኝ።

«እኒህ ወንጌል አይዶሉም፤ የሰው ጉዳይ ነው። ጠርዛቸውን ብል በልቶታል፣ ወደ ወንጌሉ ይሻገራል። ላውጣቸው?» አለኝ።

የደጓሽ ወግ አለ፤ ከጥገና የተረፈ ብራና የደጓሹ ነው። ያን አውቃለሁ። የቅዱስ ቃል ብራና ግን ቁራጩም አይወጣም፤ ያንንም አውቃለሁ። እሱም ያውቃል፤ ለዚህ ነው የጠየቀኝ። አንድ እርምጃ ገብቼ ቅጠሎቹን ብቀበለው አበቃ። አልገባሁም።

«ወንጌሉ እስካልተነካ ድረስ» አልኩት። ፈረምኩም።

መጽሐፉ አምሮ ወጣ። ፎቶው በቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ከዚያ በኋላ በስንተኛው ዓመት እንደሆነ ልተወውና፣ አንድ የገበያ ቀን ዛሪማ የሞተው ሰውዬ ልጅ ዋሴ ቢሮ መጣ። እሱም እንደ አባቱ ቀጥቃጭ ነው። ወንበር ሰጠሁት፤ አልተቀመጠም። የኛ ሰዎች ወንበር ሲሰጡት ኋላ እንደሚያጥቡት ያውቃል።

«እናቴ ደክማለች» አለኝ። «መሞቱን አትፈራውም፤ ከባሕር ዛፉ ሥር መቀበሩን ነው የምትፈራው። ሥሩ አስከሬን ይበላል ትላለች። አባቴን ዛሪማ ቀበረች፣ ሁለት ልጆቿን ከባሕር ዛፉ ሥር። እኔን በቅጥር ውስጥ ቅበረኝ እያለች ነው። መሪጌታ ይሁኔ ለአባቴ በወንጌል ተጽፏል ብለውት ነበር። ይከፈትልኝ ብየ ሰበካ ጉባኤውን ጠየቅሁ። የመንግሥት መዝጋቢ ባለበት ይከፈት አሉኝ። እርስዎን ነው።»

ዝናቡ፣ የመኪናው ጡሩንባ፣ የመሪጌታ ድምፅ፣ ሁሉ በአንዴ መጣብኝ። ከዚያ ደግሞ የደብተራው እጅ። «እሺ፣ እሑድ» አልኩት። እሱን ሸኝቼ በማግሥቱ ደብተራው ቤት ሄድኩ።

ዕቃውን ዘርግቶ ቀለም ሲበጠብጥ አገኘሁት። አምስቱ ቅጠሎች የት እንዳሉ ጠየቅኩት። አስታወሳቸው፤ ባለሙያ ነው፣ ጥሩ ብራና አይረሳም።

«ፍቄ ለክታብ አዋልኳቸው» አለኝ። «የድሮ ብራና እንደዚያ ያለ አይገኝም። ሳስ ያለ፣ ልስልስ። ስትጠቀልለው አይሰበር።»

«የምን ክታብ?»

ጥያቄዬ ገረመው። «ሰው ለልጁ የሚጠይቀው ምንድነው? ለዓይን ነዋ። ለቡዳ!»

ቀጥቃጩን ከነልጆቹ ወደ ቅጥር ያስገባው ቅጠል ተፍቆ፣ ተቆራርጦ፣ በቆዳ ተሰፍቶ፣ ከቀጥቃጩ ዓይን ይጠብቃቸው ተብሎ በሕፃናት አንገት ታስሯል። ደብተራው አላወቀም፤ አላነበበውም። እኔ ግን ሰምቼው ነበር። ከዚያ በኋላ ዳባት ገበያ ላይ ክታብ ያንጠለጠለ ሕፃን ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ጥፋት ነው። ሰው ያጠፋል። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ግን ጥፋት ብዬ ልጠራው አልችልም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተሰበሰብን። ሰበካ ጉባኤው በአንድ ወገን፣ ዋሴ ብቻውን በሌላው ወገን። እናቱ እናና ውዴ ከቅጥሩ በር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ በተከፈተው በር ታየናለች። ቄሰ ገበዙ፣ የዕቃ ቤቱ አዛዥ፣ ወንጌሉን አወጣና በነጠላ ላይ አስቀምጦ ከፈተው። የመጀመሪያው ቅጠል የማቴዎስ ወንጌል ነው። ከፊቱ ምንም የለም፤ አዲሱ የገበታ ቆዳ ብቻ።

«ሌላ ቅጠል የለውም» አለ ቄሰ ገበዙ። ክፉ ሰው አይደለም። ዋሴን አየት አድርጎ ወደ እኔ ዞረ። «እንግዲህ አቶ ሞላ፣ መዝጋቢው እርስዎ ነዎት። ሲመዘግቡት እንዲህ ያለ ቅጠል ነበረው? ነበረው ካሉ እኛ አንከራከርም። ግዝት ነው፤ ማን ይደፍራል?»

እንግዲህ የዋሴ እናት መቃብር በእኔ አፍ ላይ ነበረ። «ነበረው» ማለት ብቻ ነው የሚፈለግብኝ። ግን «ነበረው» ካልኩ «የት ሄደ?» ይመጣል። ከተመዘገበ ቅርስ ላይ አምስት ቅጠል እንዲወጣ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ በሕግ ያስጠይቃል። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመት ይቀረኛል። ሁለት ልጆቼ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ወንጌሉ ላይ እንዳፈጠጥኩ ነው።

«በመዝገቤ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም» አልኩ።

ውሸት አይደለም። መዝገቤ ላይ የለም። የቢሮ ሰው ሲዋሽ እንዲህ ነው የሚዋሸው፤ ቢመረመር ቃሉ ነቅ አይገኝበትም።

ቄሰ ገበዙ ወንጌሉን ዘጋ፣ ተሳለመው፣ እኛም በየተራ ተሳለምነው። እኔም ተሳለምኩት፤ ከንፈሬ ቆዳውን ሲነካ የተሰማኝን አልጽፍም። ስወጣ በበሩ በእናና ውዴ አጠገብ ማለፍ ነበረብኝ።

«ተገኘ ልጀ?» አለችኝ።

«አልተገኘም እናና።»

«በሰንበት ደከማችሁ። እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ከድንጋዩ ከፍ ልትልልኝ ሞከረች።

በዚያው ዓመት በፍልሰታ ጾም ሞተች። ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀበረች። ቀብሩ ላይ አልተገኘሁም፤ ደባርቅ ስብሰባ ነበረኝ። ስብሰባው የቅርስ ጥበቃ ግንዛቤ ማስጨበጫ ነበር።

ዋሴ ወደ ዞን ይከሰኛል፣ መሪጌታን የሚያውቅ ሽማግሌ ፈልጎ ያስመሰክርብኛል ብዬ ስጠብቅ ከረምኩ። ደጋግሜ መልስ አዘጋጀሁ። እሱ ግን ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም ረስቶታል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሰው የሚፈልገውን ማመን አያቅተውም።

ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። ያ ግንብ ተሰጠኝ፤ ተጨበጨበልኝ። በሳምንቱ እሑድ ወደዚያች ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙን አስፈቅጄ በሕዝቡ ፊት ቆምኩ። እሱም አሁን ሸምግሏል፤ ዓይኑም ደክሟል። ሁሉንም ነገርኳቸው። ቅጠሉን እንደ ሰማሁት፣ እንዳስወጣሁት፣ ክታብ መሆኑን፣ እያወቅኩ «የለም» ማለቴን። ክታብ ስል አንዲት እናት የልጇን አንገት ስትዳብስ አየሁ። አንድ ጎረምሳ ከኋላ «ጡረታው እስኪወጣ ጠብቆ!» አለ። ትክክል ነው።

ቄሰ ገበዙ መቋሚያውን ተደግፎ ቆሞ ሰማኝ። በመጨረሻ «ከእንግዲህ በምሥራቁ በር ይቀበራሉ። የሚከራከር ካለ ከግዝቱ ጋር ይከራከር» አለ። የተከራከረ የለም። አንዳንዱ አጉረመረመ፣ ግን አልተከራከረም። ይህን ያህል ቀላል ነበር። ያን እሑድም ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ከዚያ ወደ ዋሴ ቤት ወረድኩ። ደስታ ይዤ የምሄድ መስሎኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ዛሬ ይገርመኛል። ሰንበት ስለሆነ ወናፉ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ እሱ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። የቤተ ክርስቲያኑ ወሬ ቀድሞኝ ደርሷል። ቁጭ ይበሉ አለኝ፤ ቁጭ አልኩ። የምለውን ሁሉ አልኩ፤ የካህናቱንም ውሳኔ ነገርኩት፤ እናናን ወደ ውስጥ ማዛወር ከፈለገ እኔ ራሴ አስፈቅዳለሁ አልኩት።

«አትነሳም» አለ። «አንድ ጊዜ ዐርፋለች። እኔም ከርሷው ጋ ነኝ። ልጆቸ እንደ ፍጥርጥራቸው።»

ከዚያ ለምን ወደ ዞን እንዳልሄደ ጠየቅኩት። መሪጌታን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ያኔ ነበሩ፤ ቢመሰክሩ ይረታ ነበር።

«ልሄድ ነበር» አለኝ። «ያን እሑድ ስንመለስ፣ ነገ ጎህ ሲቀድ ደባርቅ ነኝ አልኳት። እሷ ከለከለችኝ።»

«ለምን?»

«ያ ሰውየ ቅጠሉን አይቶታል አለች። በበሩ ሳየው ዓይኑን ከወንጌሉ ላይ ማንሳት አቅቶት ነበር፤ የፈራ ሰው ነው፤ ልጆች ይኖሩት ይሆናል፣ እንጀራው ነው አለች። እኔ አንዴ ለምቀበረው የሰው እንጀራ አትዝጋ፤ ጡረታው እስኪወጣ ተወው ብላ አስማለችኝ።»

እሱ እንደ መሳቅ አለና ዓይኔን እያየ ጠየቀኝ፦

«ጡረታዎ ወጣልዎ አይዶል?»

«ወጣልኝ» አልኩት።

«እሰይ» አለ ዋሴ። «እንግዲያ እናቴ ያሰበችው ሆነላት።»